ጓሳና አንኮበር ለመሄድ ያሰባችሁ፣ እባካችሁ እደሩ

ብዙ ሰው ሰሜን ሸዋን የሚያውቀው በመኪና መስኮት ነው። ወደ ደሴ ሲሄድ ደብረ ብርሃን ላይ ቁርስ ይበላል፣ ጣርማ በር ላይ ጣሊያን የቆፈረውን ዋሻ ያልፋል፣ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ይገዛል፣ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ሞቆት ጃኬቱን ያወልቃል። በቃ። ሌላው ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት ከአዲስ አበባ ተነስቶ ማታውኑ ሊመለስ ይመጣል። እኩለ ቀን ላይ ገደሉ ጫፍ ይደርሳል፣ ከፊቱ ነጭ ጉም ብቻ ያያል፣ ሁለት ፎቶ ያነሳና ይመለሳል።

እኔ ደብረ ብርሃን ነው ያደግኩት። የት ልሂድ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ መጀመሪያ የምለው «ስንት ሌሊት ታድራለህ?» ነው። አላድርም ካለኝ ሌላ ጊዜ ሰፋ ያለ ቀን ሲኖርህ ና እለዋለሁ። ክፋት አይደለም። የዚህ አገር ተራራ የሚታየው ጠዋት ነው፣ ጠዋት እዚያ የሚገኘው ደግሞ እዚያው ያደረ ሰው ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ከጣርማ በርም ከአንኮበርም በስተምሥራቅ መሬቱ ቁልቁል ወርዶ አፋር ቆላ ይገባል። ፀሐይ ቆላውን ስታሞቀው እርጥብ አየር ገደሉን ተከትሎ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከፍ ሲል ይቀዘቅዛል፣ ሲቀዘቅዝ ጉም ይሆናል። ስለዚህ በበጋም ቢሆን ጠዋት እስከ አዋሽ በኩል ድረስ ጥርት ብሎ የታየ አገር ከሰዓት በኋላ እጃችሁን ዘርግታችሁ ጣታችሁ እስከማይታያችሁ ሊሸፈን ይችላል። ከአዲስ አበባ በጠዋት የተነሳ ሰው የሚደርሰው ልክ ጉሙ አገሩን መሸፈን ሲጀምር ነው።

አንድ ነገር ላስቀድም። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ። ባለፉት ዓመታት አካባቢው ሰላም ያጣባቸው ጊዜያት ነበሩ፣ መንገድ የሚዘጋበትም ቀን አለ። ባለፈው ወር የሄደ ሰው የነገራችሁን ይዛችሁ አትነሱ። እዚያው የሚኖር ሰው ጋ፣ በዚያ መስመር የሚሠራ ሹፌር ጋ፣ የምታድሩበት ቤት ጋ ደውሉ። ሦስቱም «ኑ» ካሏችሁ ሂዱ። አንዱ ካመነታ አዘግዩት፣ ተራራው የትም አይሄድም።

መቼ ይኬዳል

ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥር ድረስ ያለው ጊዜ ለእኔ ምርጡ ነው። መስከረምና ጥቅምት ላይ ሜዳው ገና አረንጓዴ ነው፣ አደይ አበባውም አለ። ኅዳርና ታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ግን ውርጭ አለ። ደብረ ብርሃን ራሷ ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፣ በእነዚህ ወራት ጠዋት ሳሩ ላይ ጨው የተነሰነሰ ይመስላል። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ የበልግ ዝናብ ሊመጣ ይችላል፣ ያኔ የገጠሩ መንገድ ይጨቀያል። ሐምሌና ነሐሴ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመጣ ሰው ባይሞክረው ይሻላል። ዝናቡ፣ ጉሙና ጭቃው አንድ ላይ ናቸው፣ ከሰዓት በኋላ ጫፍ ላይ የሚይዛችሁ መብረቅም ቀልድ አያውቅም።

ጓሳ

አንድ ቦታ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ጓሳ የሚባለውን የመንዝ የሳር ሜዳ ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ትሄዱና ጣርማ በር ላይ ዋናውን አስፋልት ትታችሁ በመዘዞ በኩል ወደ መሃል ሜዳ የሚወስደውን ትይዛላችሁ። ጓሳ መሃል ሜዳ ከመድረሳችሁ በፊት ነው። ከአዲስ አበባ በድምሩ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም በኪሎ ሜትሩ አትመኑ፣ ቀኑን ሙሉ ያዙለት። ከፍታው ከ3,200 ሜትር ተነስቶ 3,700 ይደርሳል።

ስሙን ያገኘው ጓሳ ከሚባለው ሳር ነው። ረጅም፣ ጠንካራ ሳር ነው፣ የመንዝ ሰው ቤት ይከድንበታል፣ ገመድም ይሠራበታል። ሜዳው እስከ ዛሬ ሳር ሆኖ የቆየው በአጋጣሚ አይደለም። የመንዝ ሰዎች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሳቸው ሥርዓት ጠብቀውታል። ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጋል፣ ማንም አያጭድም፣ ከብትም አይገባም፣ ሳሩ ሲደርስ ሽማግሌዎች ቀን ቆርጠው ይከፍቱታል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ ሲመጣ ይህ ሥርዓት ተናጋ፣ በኋላ ግን ማኅበረሰቡ ኮሚቴ አቋቁሞ ጥበቃውን መልሶ ያዘው። ይህን የምነግራችሁ ስትገቡ የምትከፍሉት ገንዘብ ምን እንደሆነ እንድታውቁ ነው። መግቢያውን ክፈሉ፣ ከአካባቢው አስጎብኚ ያዙ፣ ዋጋውን ቀድማችሁ ተነጋገሩና በተነጋገራችሁት ጨርሱ። ጥበቃው ለሰዎቹ ጥቅም ካላመጣ ሳሩን የሚጠብቅበት ምክንያት ለልጆቻቸው አይኖርም።

ማረፊያ ቤት አለ፣ ድንኳን መትከልም ይቻላል። ምግብ ግን ይዛችሁ ሂዱ። ደብረ ብርሃን ላይ ዳቦ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ሻይ ቅጠል፣ ስኳር፣ ሽንኩርትና ፓስታ ግዙ። ማብሰያ ትንሽ ቡታጋዝ ያዙ። አስታ የሚባለውን ቁጥቋጦና የደረቀ ሳር ሰብስቦ እሳት ማንደድ እዚያ ነውር ነው፣ አደጋም ነው፣ በበጋ አንድ ፍንጣሪ ሜዳውን ሊያዳርሰው ይችላል።

ስለ ብርዱ ረዘም አድርጌ ላውራ፣ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነውና። የመጀመሪያ ጊዜ ጓሳ ድንኳን ውስጥ ሳድር ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤ ከታች ግን ስስ ምንጣፍ ብቻ አነጠፍኩ። ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ የሚባል አልነበረም። ብርዱ የመጣው ከላይ ሳይሆን ከመሬቱ ነው። ጠዋት የውሃ ጠርሙሴን ስከፍት አፉ በረዶ ሆኖ አንድ ጠብታ አይወርድም። ከዚያ በኋላ የተማርኩት ይህ ነው፦ ከላይ ከምትደርቡት ይልቅ ከታች የምታነጥፉት ይበልጣል። ወፍራም ስፖንጅ ካላችሁ ያዙ፣ ከሌላችሁ አንዱን ብርድ ልብስ አጥፋችሁ ከሥር አድርጉት። ስሊፒንግ ባግ ስትገዙ ወይም ስትከራዩ ከዜሮ በታች የሚችል መሆኑን ጠይቁ። ከመተኛታችሁ በፊት ውሃ አፍሉና በማያፈስ ጠርሙስ ሞልታችሁ፣ ካልሲ አልብሳችሁ እግራችሁ ሥር አድርጉት። የመጠጥ ውሃውን ደግሞ ጠርሙሱን ዘቅዝቃችሁ አሳድሩት። ውሃ መቀዝቀዝ የሚጀምረው ከላይ ስለሆነ ጠዋት ስታቀኑት በረዶው ያለው ቂጡ ጋ ነው፣ አፉ ክፍት ሆኖ ይጠብቃችኋል። ቀን ያላባችሁበትን ካናቴራ ለብሳችሁም አትተኙ፣ ደረቅ ልብስ ቀይሩ።

መንዝ ከገባችሁ የባና ነገር አይቀርም። ከመንዝ በግ ፀጉር የሚሠራ ወፍራም ልብስ ነው፣ ይከብዳል፣ ትንሽ ይኮሰኩሳል፣ ግን ለዚያ ብርድ የተሠራ ነው። ገበያ ላይ ካገኛችሁ ግዙ። አረቄ ግን ለብርድ ብላችሁ አትጠጡ። ሲጠጡት ያሞቃል፣ እውነት ነው፣ ደሙን ወደ ቆዳ ስለሚያወጣው ነው የሚያሞቀው። ትንሽ ቆይቶ የሰውነት ሙቀት በዚያው ወጥቶ ይሄዳል።

አሁን ወደ ጠዋቱ። 12 ሰዓት ላይ ተነሱ። ሻይ ጠጡና አስጎብኚያችሁን ይዛችሁ ወደ ገደሉ ጠርዝ ሂዱ። ጭላዳ የሚባለው ዝንጀሮ ሌሊቱን የሚያሳልፈው ገደል ላይ ነው፣ ነብር እንዳይደርስበት። ፀሐይ ገደሉን ስታገኘው አንድ በአንድ ወደ ላይ መውጣት ይጀምራሉ። መጀመሪያ ድምፃቸው ይመጣል፣ ማጉረምረም፣ ማንጎራጎር፣ ሰው ሩቅ ሆኖ የሚያወራ ይመስላል። ከዚያ አንድ ጎፈሬ ብቅ ይላል። ወንዱ ጎፈሩ ትከሻው ላይ ተበትኖ፣ ደረቱ ላይ ቀይ ምልክቱ እየታየ ይወጣና ሜዳው ላይ ቁጭ ይላል። ሌሎቹም ቁጭ ይላሉ፣ ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ልጅ ያጠባሉ፣ ቅማል ይለቃቀማሉ። ከዚያ ሳር መንጨት ይጀምራል። ከጦጣና ዝንጀሮ ወገን ሆኖ በዋናነት ሳር በልቶ የሚኖር ጭላዳ ብቻ ነው። በሁለት እጁ ነጨት ነጨት ያደርጋል፣ ጭብጡ ሲሞላ ወደ አፉ። ቦታ ሲቀይር እንኳን አይነሳም፣ ቁጭ እንዳለ ተንሸራቶ ይጠጋል። በቅርብ ስትሆኑ የሳሩ ጭጭታ ይሰማችኋል።

ቁጭ በሉ፣ አትቁሙ። ዝቅ ያለ ሰው አያስፈራቸውም። በእነሱና በገደሉ መካከል ግን አትግቡ፣ ሲደነግጡ የሚሮጡት ወደዚያ ነውና መንገዳቸውን ትዘጋላችሁ። ወንዱ የላይኛው ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን ካሳያችሁ «በቃህ» ማለቱ ነው፣ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ በሉ። ምግብ አትስጡ። አንዴ ዳቦ የቀመሰ ጭላዳ ነገ የገበሬ ማሳ ይገባል፣ ጠቡም ከገበሬው ጋር ይሆናል።

ዕድል ከቀናችሁ በመንጋው መሃል ቀይ ቀበሮ ሲሄድ ታያላችሁ። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም፣ በጠቅላላው የቀረውም 500 ገደማ ነው። የሚገርመው ጭላዳዎቹ አይሸሹትም። ቀበሮውም የጭላዳ ግልገል ትቶ አይጥ ያድናል። ጓሳ ላይ የተጠና፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ቀበሮው ብቻውን ሲያድን ከመቶ 25 ጊዜ ያህል ሲሳካለት፣ በጭላዳ መንጋ መሃል ሆኖ ሲያድን ግን ከመቶ 67 ጊዜ እንደሚሳካለት አሳይቷል። ስለዚህ ጭላዳ ስታዩ ዓይናችሁን እነሱ ላይ ብቻ አትተክሉ፣ በመሃላቸው ቀላ ያለ ነገር ፈልጉ። የሩቁን የሚያቀርብ መነጽር ካላችሁ የዚህን ቀን ዋጋ ያወጣል። ውሻ ይዛችሁ ግን ፈጽሞ አትምጡ፣ ቀይ ቀበሮን ከሚጨርሱት ነገሮች አንዱ ከውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው።

ቀኑን በእግር ስትዞሩ ቀስ በሉ። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ከፍታውን በመጠኑ ለምዶታል፣ ከቆላ ወይም ከውጭ አገር በቀጥታ የመጣ ግን ደብረ ብርሃን ወይም አንኮበር አንድ ሌሊት አድሮ ቢወጣ ይሻለዋል። ቀለል ያለ ራስ ምታትና ድካም የተለመደ ነው፣ ውሃ ጠጥቶ ማረፍ ይበቃዋል። ማስታወክ፣ መንገዳገድ ወይም ዐርፎ እንኳን የማይለቅ የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ግን «ነገ ይሻለኛል» አይባልም፣ ወዲያው ወደ ዝቅተኛ ቦታ መውረድ ነው። ፀሐዩም ያታልላል። አየሩ ስለሚቀዘቅዝ አይታወቃችሁም እንጂ ማታ አፍንጫና ከንፈር ይላጣል። ባርኔጣ ያዙ።

አንኮበርና ወፍ ዋሻ

ሁለት ሌሊት ብቻ ካላችሁና የጓሳ መንገድ ከበዳችሁ አንኮበር ይበቃችኋል። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ምኒልክ ወደ እንጦጦ ከመውጣታቸው በፊት የተቀመጡበት ከተማ ነው፣ ከእሳቸው በፊትም አያታቸው ሣህለ ሥላሴ። የቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ መውጣት ብዙ ጊዜ አይወስድም፣ ግን ዳገቱ ቀጥ ያለ ነው። ጠዋት ላይ ከጫፉ ወደ ምሥራቅ ስታዩ መሬቱ በደረጃ በደረጃ ወርዶ ቆላው ውስጥ ሲጠፋ ይታያል፣ ነገሥታቱ ለምን እዚህ እንደተቀመጡ ማንም ሳይነግራችሁ ይገባችኋል።

ወፍ የሚወድ ሰው እዚህ ገደሉ ጠርዝ ላይ መሬት መሬት የምትለቅም ትንሽ፣ ቡናማ፣ ዝንጉርጉር ወፍ ይፈልግ። በአንኮበር ስም የምትጠራ ናት፣ ሳይንስ ያወቃት እ.ኤ.አ. በ1976 ነው፣ ያያትም ያላያትም እኩል ያልፋታል፣ ድንቢጥ ትመስላለችና።

ጉልበት ያላችሁ ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ በእግር ውረዱ። አልዩ አምባ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከሐረርና ከታጁራ የሚመጡ ነጋዴዎች የሚያርፉበት ትልቅ ገበያ ነበር። ስትወርዱ ብርዱ በየሰዓቱ ይቀንሳል፣ ገብሱ ቀርቶ ማሽላ ይመጣል። ቁልቁለቱ ግን ጉልበት ይበላል። ዱላ ያዙ፣ ጫማችሁን ጣት እንዳይመታ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩ፣ ለመመለሻ መኪና ታች እንዲጠብቃችሁ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። በዚያው ቀን መልሶ መውጣት ልምድ ላለው ሰው ነው።

ወፍ ዋሻ ደን በአንኮበርና በደብረ ሲና መካከል ነው፣ በሁለቱም በኩል ይገባል። ጥድ፣ ዝግባ፣ ወይራ፣ ከፍ ሲል ኮሶና አስታ። የመናገሻ ሱባ ደን ችግኝ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጊዜ ከዚህ ተወስዶ ነው ይባላል። ጉሬዛ ለማየት ዝም ብሎ ዛፍ ሥር መቀመጥ ነው። ነጭ ጭራው ቅጠሉ መሃል ሲወዛወዝ ይታያል። ያለ መሪ አትግቡ፣ ጉም ሲመጣ መንገዱ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው።

ሰው ቤት ስትደርሱ

መንገዳችሁ በሰው ደጅ ካለፈ ከሩቅ «ቤቶች!» ብላችሁ ተጣሩና ቁሙ። ውሻው ሳይያዝ አትጠጉ። ትልቅ ሰው ካገኛችሁ ቆማችሁ እንዴት አደሩ፣ ከብቱ ደህና፣ ልጆቹ ደህና በሉ፣ ከዚያ መንገድ ጠይቁ። ሰላምታ ሳይቀድም «ጓሳ በየት ነው?» ማለት ያስቀይማል። አዝመራ ካለ በዳር በዳር ሂዱ። ፎቶ ከማንሳት በፊት «ጋሼ፣ ላንሳዎት?» ማለት ምንም አያስከፍልም። ለልጆች ብርና ከረሜላ አትበትኑ። መርዳት ከፈለጋችሁ እንቁላል ግዟቸው፣ ዕቃ አሸክማችሁ ዋጋውን ክፈሉ። ረቡዕና ዓርብ፣ በጾም ወራትም፣ ትንንሽ ከተሞች ውስጥ ሥጋና ወተት አትፈልጉ፣ ሽሮና ምስር ነው ያለው፣ ደግሞም ይጣፍጣል።

ሐይቅ ለሚፈልግ

ሰሜን ሸዋ የተራራ አገር ነው፣ ሐይቅ የሚፈልግ ሰው በዚያው በደሴ መንገድ መቀጠል አለበት። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሐይቅ የምትባለው ከተማና ሐይቁ አሉ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት የእስጢፋኖስ ገዳም እዚያው ውሃው ዳር ነው። ይህን ከጓሳ ጋር ለማገናኘት ቢያንስ አምስት ቀን ያስፈልጋል። በሦስት ቀን ሁለቱንም ልይ ያለ ሰው የሚያየው አስፋልት ነው።

ውሃ ሲታይ መዋኘት ያምራል። ቀስ ብሎ በሚሄድ ወይም በተኛ ውሃ ዳር ቀንድ አውጣ ካለ ቢልሃርዝያ ሊኖር ስለሚችል የአካባቢውን ሰው ሳትጠይቁ አትግቡ። ወንዝ ስትሻገሩ ደግሞ እናንተ ያላችሁበት ፀሐይ ሆኖ ደጋው ላይ ዘንቦ ሊሆን ይችላል። ውሃው ድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና እንጨት ይዞ መምጣት ከጀመረ ዕቃችሁን እንኳን ሳትሉ ወደ ከፍታ ውጡ። ደራሽ ውሃ ነው። አልጋ ዘርግቶ ወንዝ ዳር አሸዋ ላይ ማደርም እንዲሁ አይሆንም።

የመመለሻ ቀን ከጓሳ ጠዋት ጭላዳዎቹን አይታችሁ፣ ቁርስ በልታችሁ፣ ቆሻሻችሁን በከረጢት አስራችሁ ተነሱ። ጣርማ በርን ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ለማለፍ ሞክሩ። ከዚያ በኋላ ጉሙ አስፋልቱ ላይ ይወርዳል፣ ከባድ መኪናዎቹም ዳገቱን በዝግታ ነው የሚወጡት፣ መታጠፊያው ላይ ከፊታችሁ ያለውን መብራት የምታዩት አጠገቡ ስትደርሱ ነው። ጉሙ ከያዛችሁ ደብረ ብርሃን እደሩ።